ካሪየር ጌሙ ላይና ካሪየር ባህር ላይ፦ ለጥያቄያችሁ መልስ

እሺ ጀለሶች። ያን ቀን ፍራንኮ ያለው ጌም ቤት "ካሪየር (አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ) የያዘ ሁሌ ያሸንፋል፣ ጌሙ ቀሽም ነው" እና "ኧረ እውነቱም እንደዛ ነበር" በሚል ለሁለት ተከፍለን ስንጯጯህ መብራት ጠፍቶ በተነን አይደል፣ ከዛ ጥያቄ ያለው ይላክልኝ ብዬ ነበር፣ መአት መጣ። የተደጋገመውን አንድ ላይ ጨፍልቄዋለሁ፣ ስድብ የሆነውን ዘልዬዋለሁ (ማን እንደሆንክ ታውቃለህ)። የምናወራው ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባህር ስትራቴጂ ጌሞች ነው፣ ካርታ ላይ ሆነህ መርከብና አውሮፕላን የምታዝባቸው፣ ኮክፒት ገብተህ የምትተኩስባቸው አይደሉም። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ በአጭሩ መልስልኝ፣ ካሪየር እውነት ይሄን ያህል ገዳይ ነበር ወይስ ጌም ሰሪዎቹ ናቸው ያጋነኑት?

መልስ፦ ገዳይ ነበር። ኖቬምበር 1940 ላይ ጣሊያን ታራንቶ ወደብ ውስጥ፣ ኢላስትሪየስ ከምትባል አንዲት የእንግሊዝ ካሪየር የተነሱ 21 ሶርድፊሽ አውሮፕላኖች በአንድ ሌሊት 3 ባትልሺፕ (ትልልቅ መድፍ የጫነ ከባድ የጦር መርከብ) መትተዋል፣ ሶርድፊሽ ማለት ደግሞ ድርብ ክንፍ ያለው በጨርቅ የተለበጠ ያኔም አሮጌ የሚባል ነገር ነው። ከዓመት በኋላ ጃፓን 6 ካሪየር ይዛ 350 ገደማ አውሮፕላን አስነስታ ፐርል ሃርበር ላይ ያደረገችውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ የጠፋባት 29 አውሮፕላን ነው። ስለዚህ ባትልሺፕህ በአውሮፕላን ሲበላ አታልቅስ። የኔ ቅሬታ ጉዳቱ ላይ ሳይሆን ጠላት የት እንዳለ ቁልጭ አድርገህ ማወቅህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እንዴ፣ ስካውት (ቃኚ አውሮፕላን) ልኬ ነው እኮ የማውቀው። ጌሙ ፎግ ኦፍ ዋር (ያልቃኘኸውን ቦታ የሚደብቅ ነገር) አለው። ታዲያ ምኑ ነው ከእውነቱ የራቀው?

መልስ፦ ስካውትህ ሲያገኝ ምንድነው የሚነግርህ? ካሪየር 2፣ ክሩዘር (መካከለኛ የጦር መርከብ) 4፣ ቦታው እዚህ፣ አቅጣጫው ወዲያ። የመርከቧን ስም ሳይቀር የሚነግርህ ጌም አለ። እውነተኛው ስካውት ግን ደመና ውስጥ እየተሽሎከለከ፣ እንዳይመቱት እየፈራ፣ ከሩቅ ነጠብጣብ የምታክል ነገር አይቶ በግምት የሚናገር ሰው ነው፣ የራሱንም ቦታ በደንብ ላያውቅ ይችላል።

ኮራል ባህርን እዩት፣ ሜይ 1942፣ መርከቦቹ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ የተዋጉበት የመጀመሪያው ውጊያ ነው። ሜይ 7 ጠዋት የጃፓን ቃኚዎች ካሪየርና ክሩዘር አገኘን አሉ፣ 78 አውሮፕላን ተላከ፣ ሲደርሱ ያገኟት ኒዮሾ የምትባል ነዳጅ ጫኝ መርከብና ሲምስ የምትባል አንዲት ዲስትሮየር (ትንሽ ፈጣን የጦር መርከብ) ናት። ያን ሁሉ ኃይል ለቦቴ! አሜሪካኖቹም በዚያው ጠዋት ተሳስተዋል፣ ቃኚያቸው የላከው መልእክት ኮዱ ላይ ተበላሽቶ 2 ካሪየር ተባለና 90 ያህል አውሮፕላን ለቀቁ፣ በዕድል መንገድ ላይ ሾሆ የምትባለዋን ትንሽ ካሪየር አግኝተው አሰጠሟት እንጂ የተባለው ቦታ ላይ ካሪየር አልነበረም። ማታ ላይ ደግሞ መንገድ የጠፋባቸው የጃፓን ፓይለቶች የአሜሪካዋን ዮርክታውንን የራሳቸው መስላቸው ለማረፍ ዞሩባት። ይሄን ጌም ላይ ብታየው ቡግ ነው ብለህ ነው የምታልፈው።

ሌላው ደግሞ፣ የላክኸው ጥቃት ሁሌ ይደርሳል ያለው ማን ነው? ጁን 1942 ሚድዌይ ደሴት አጠገብ በነበረው ውጊያ ላይ፣ ከአሜሪካዋ ካሪየር ከሆርኔት የተነሱት ዳይቭ ቦምበሮች (ቁልቁል እየተወረወሩ ቦምብ የሚጥሉ) ያን ጠዋት የጃፓንን ካሪየሮች ጭራሽ አላገኟቸውም፣ አብረዋቸው የሄዱት 10 ፋይተሮች (ተዋጊ አውሮፕላኖች) ነዳጅ ጨርሰው አስሩም ባህር ላይ ወደቁ። አንድም ጥይት ሳይተኩሱ። ጌሙ ላይ ግን ቀስቱን ስበህ ጠላት ላይ ካደረግኸው አለቀ፣ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሚድዌይን ጃፓንን ይዤ ስንት ጊዜ ተጫወትኩ፣ ሁሌ አሸንፋለሁ። ናጉሞ (የጃፓን ካሪየሮች አዛዥ) ጅል ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አይ አንተ! የአሜሪካ ካሪየሮች ሰሜን ምሥራቅ ተደብቀው እንደሚጠብቁህ አውቀህ ገብተህ እኮ ነው የምታሸንፈው። ናጉሞ አላወቀም።

እንግዲህ ይሄን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፣ ጌሞች በጣም የሚያቀሉት ነገር እዚህ ውስጥ ስላለ፣ እሱም ደክ፣ አውሮፕላን የሚነሳበትና የሚያርፍበት የካሪየሯ ጣራ ነው። ጁን 4 ጠዋት ናጉሞ ግማሹን ኃይሉን፣ 108 አውሮፕላን፣ ደሴቷን እንዲመታ ላከ፣ የቀረውን መርከብ የሚመታ መሳሪያ አስታጥቆ አስቀመጠ። ደሴቷን የመቱት ሰዎች ገና አልበቃትም፣ ሌላ ዙር ያስፈልጋል ሲሉት ከ1 ሰዓት ከሩብ ላይ (በኛ አቆጣጠር) የተቀመጡትን መሳሪያ ቀይሩ አለ። ጥቂት ቆይቶ ዘግይቶ የተነሳ አንድ ቃኚ መርከቦች አየሁ አለ፣ ምን ዓይነት? አላለም። ካሪየር ሳትኖር አትቀርም ያለው ከዚያ መልእክት አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። በዚህ መሀል ከደሴቷ የተነሱ አውሮፕላኖች ተራ በተራ እየመጡ ያጠቁታል፣ መርከቦቹ ይጠማዘዛሉ፣ የሚከላከሉለት ፋይተሮች ጥይትና ነዳጅ እየጨረሱ ደኩ ላይ ያርፋሉ ይነሳሉ፣ ደሴቷን መትተው የተመለሱት ደግሞ ነዳጃቸው እያለቀ ከላይ ይዞራሉ። ደኩ አንድ ነው! መናኸሪያ ውስጥ ከፊት የቆመው ሚኒባስ ሳይወጣ የኋላው እንደማይንቀሳቀስ በሉት። ጥቃት ለማስነሳት አውሮፕላኖቹን ከሃንጋር (ከደኩ ሥር ካለው የአውሮፕላን ማቆሚያ) በአሳንሰር አውጥቶ፣ ደርድሮ፣ ሞተር አሙቆ ለመጨረስ 45 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር አያርፍበትም። ናጉሞ ያቺን 45 ደቂቃ አላገኘም። ጌሙ ላይ አንተ አንዴ ክሊክ ታደርጋለህ፣ የሚቀጥለው ተርን ላይ 80 አውሮፕላን ሰማይ ላይ ነው።

ከዛ 4 ሰዓት ከ20 ላይ የአሜሪካ ዳይቭ ቦምበሮች መጡ። አመጣጣቸው ራሱ የሚገርም ነው፣ መሪያቸው ማክላስኪ ጠላት ይገኛል የተባለበት ቦታ ደርሶ ባዶ ባህር አየ፣ ነዳጅ እያለቀበት ፍለጋውን ቀጠለ፣ ታች አራሺ የምትባል አንዲት የጃፓን ዲስትሮየር በፍጥነት ስትከንፍ አየ፣ ናውቲለስ የተባለችውን የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ስታሳድድ ቆይታ ወደ ጓደኞቿ እየተመለሰች ነበር። ተከተላት። የጃፓን ካሪየሮች አካጊ፣ ካጋ እና ሶርዩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነደዱ፣ አራተኛዋ ሂርዩ የዚያኑ ቀን ከሰዓት ተመታች። ድሮ "የጃፓን አውሮፕላኖች ደክ ላይ ተደርድረው ሊነሱ 5 ደቂቃ ሲቀራቸው" እየተባለ ይወራ ነበር፣ አሁን እንደዛ እንዳልሆነ ይታወቃል፣ አብዛኞቹ ገና ሃንጋር ውስጥ ነበሩ፣ ታንካቸው ተሞልቶ ቦምብና ቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) በየቦታው ተጥሎ፣ የተዘጋ ሃንጋር ውስጥ፣ ይሄ እንዲያውም ይብሳል።

ጥያቄ፦ ቶርፒዶ ቦምበር ወይስ ዳይቭ ቦምበር? እኔ ሁሌ ቶርፒዶ ነው የምሞላው ዳሜጁ ስለሚበልጥ።

መልስ፦ የየትኛው ሀገር እንደሆነ ንገረኝና ልመልስልህ። የአሜሪካ ማርክ 13 ቶርፒዶ 1942 ላይ አሳፋሪ ነበር፣ እንዲሠራ ዝቅ ብለህ ቀስ ብለህ መጣል አለብህ፣ ዝቅ ብሎ ቀስ ያለ አውሮፕላን ደግሞ ተመቺ ነው። ሚድዌይ ላይ ከሦስቱ ካሪየሮች 41 ዴቫስቴተር የሚባል ቶርፒዶ ጣይ አውሮፕላን ተነሳ፣ የተመለሱት በጣት ይቆጠራሉ፣ ከሆርኔት የሄዱት 15ቱ በሙሉ ወድቀው ከ30 ሰው አንድ ብቻ ነው የተረፈው፣ አንድም ቶርፒዶ አልመታም። የጃፓኑ ዓይነት 91 ቶርፒዶ ግን ሌላ ነገር ነው። ለማንኛውም ደባልቅ፣ የአሜሪካዋን ካሪየር ሌክሲንግተንን ኮራል ባህር ላይ የመቷት በሁለቱም ነው፣ ቶርፒዶዎቹ ከግራም ከቀኝም እየመጡ ወዴት ትዙር? ቦምብ ደክ ይዘጋል፣ ቶርፒዶ ውሃ ያስገባል።

ጥያቄ፦ ካሪየሬ አንድ ቶርፒዶ ብቻ ተመትታ ኤችፒዋ (የቀራት ጤና) 70 ፐርሰንት ነበር። ከሁለት ተርን በኋላ ራሷ ፈንድታ ሰመጠች። ይሄ ቡግ አይደለም?

መልስ፦ ሃሃሃ አይደለም ወዳጄ፣ ጌምህ በጣም አሪፍ ጌም ነው፣ ስሙን ላክልኝ። ታይሆ የጃፓን አዲሷ ካሪየር ነበረች፣ ደኳ ብረት ለበስ፣ ጁን 19 ቀን 1944 ጠዋት ከሰርጓጅ መርከብ አንድ ቶርፒዶ ተመታች፣ መሄዷን ግን አላቆመችም። ችግሩ ውስጥ ነው፣ የቤንዚን መያዣዋ ተሰንጥቆ የጋዙ ሽታ መርከቧን ሞላ፣ ጋዙን ለማስወጣት ብለው የአየር ማስተላለፊያውን ሁሉ ሲከፍቱት ጭራሽ ወደ ሁሉም ክፍል በተነው፣ ከሰዓት ላይ ፈንድታ ሰመጠች። ሌክሲንግተንም ኮራል ባህር ላይ ከተመታች በኋላ አውሮፕላን ስታሳርፍ ነበር፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው ጋዙ የፈነዳው። አሜሪካኖቹ ከዛ ተማሩ፣ ጠላት ሲመጣ የነዳጅ ቱቦውን አፍስሶ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መሙላት ለመዱ።

በተቃራኒው ደግሞ ዮርክታውን አለች። ሚድዌይ ላይ ከሂርዩ የመጡት 3 ቦምብ መትተዋት ቆመች፣ ጠጋግነው እንደገና አስነሷት፣ ሁለተኛው ዙር ሲመጣ እየሄደች ስላገኟት ሌላ ካሪየር መሰለቻቸው! ጃፓኖቹ ሁለት ካሪየር መታን ብለው ሪፖርት ያደረጉት አንዷን ራሷን ነው። ስለዚህ ጌሙ ላይ ዳሜጅ ኮንትሮል የሚባለውን አፕግሬድ የምትንቁት ልጆች፣ ተው።

ጥያቄ፦ ኸርትስ ኦፍ አይረን 4 የሚባለው ጌም ላይ ከ4 ካሪየር በላይ አንድ ውጊያ ውስጥ ሳስገባ አውሮፕላኖቼ ላይ ቅጣት ይመጣል። ጃፓን ፐርል ሃርበር ላይ 6 አልነበራትም ወይ? በፈጠራ ነው እንዴ የሚቀጡን?

መልስ፦ 6 ነበራት፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ግን ቁጥሯን ከሜዳ አላመጧትም። አሜሪካ 1944 ፊሊፒንስ ባህር ላይ 15 ካሪየር ነበራት፣ አንድ ላይ አጭቃ አልነዳቻቸውም፣ 4 ቡድን አድርጋ ሦስቱን ቡድን አራት አራት አንዱን ደግሞ ሦስት ካሪየር ሰጠቻቸው። ምክንያቱም ሁሉም ለማስነሳት አንድ ላይ ወደ ንፋስ መዞር አለባቸው፣ ከላይ የሚዞረው አውሮፕላን እርስ በርስ እንዳይጋጭ ቦታ ይፈልጋል፣ አጃቢ መርከቦቹም ዙሪያቸውን መያዝ አለባቸው። እና ቅጣቱን እኔ አልጠላውም፣ የምጠላው በቡድን በቡድን አራርቄ ላሰልፍ ስል የማይፈቅድልኝ መሆኑን ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ንፋስ መዞር ያልከው አልገባኝም። ንፋስ ምን አገባው?

መልስ፦ የአዳማ ልጅ ሆነህ ንፋስ ምን አገባው ትላለህ? ደክ አጭር ነው፣ አውሮፕላኑ ቦምብ ተሸክሟል፣ መርከቧ ንፋሱን በፊት ለፊቷ ይዛ በፍጥነት ካልሄደች ለመነሳት ይቸገራል፣ ለማረፍም እንደዛው። ስለዚህ ንፋሱ የሚመጣው ከጠላት በተቃራኒ ከሆነ ለማስነሳት በዞርክ ቁጥር ከጠላት ትርቃለህ። ፊሊፒንስ ባህር ላይ የሆነው ይሄ ነው፣ ንፋሱ ከምሥራቅ ነበር፣ የጃፓኑ አዛዥ ኦዛዋ ከምዕራብ እየመጣ ወደ ንፋሱ ሲያስነሳ ወደ ጠላቱም እየቀረበ ነው፣ አሜሪካኖቹ ግን ባስነሱና ባሳረፉ ቁጥር ወደ ኋላ ይሄዳሉ። የጃፓን አውሮፕላን ቀላል ስለሆነ ርቀቱም ይበልጥ ነበር። በወረቀት ላይ ኦዛዋ ብልጫ ነበረው። እኔ ከተጫወትኳቸው ጌሞች ውስጥ ንፋስን በደንብ ያስገቡት በጣም ጥቂት ናቸው፣ ይሄ ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም ፕሮግራም ለማድረግ ከባድ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ብልጫ ከነበረው ኦዛዋ ለምን ተጨፈጨፈ? ዜሮ የሚባለው የጃፓን ፋይተር 1942 ላይ አስፈሪ ነው፣ 1944 ላይ ጌሙ ላይ እንደ ዝንብ ነው የሚረግፈው።

መልስ፦ ፓይለት። ዜሮ 940 ፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ያን ሁሉ ርቀት የሚሄደውና እንደዛ የሚታጠፈው የፓይለት መከላከያ ብረት ስለሌለው፣ ታንኩም ሲበሳ ራሱን የሚደፍን ስላልነበረ ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን ከተመታ ይነዳል። አሜሪካኖቹ መጀመሪያ ዋይልድካት የሚባለውን ፋይተራቸውን ይዘው ሁለት ሁለት ሆነው እየተሻገሩ አንዱ የሌላውን ጀርባ የሚጠብቅበትን፣ ታች የሚባል ፓይለታቸው ያወጣውን ዘዴ አመጡ፣ ከዛ 2,000 ፈረስ ጉልበት ያለው ሄልካት መጣ፣ ያኔ አለቀ።

ግን ዋናው ሰው ነው አልኩ። ጃፓን ጥሩ ፓይለቶቿን እስኪሞቱ ፊት ላይ አቆየቻቸው፣ አሜሪካ ደግሞ እየመለሰች አስተማሪ አደረገቻቸው። ኦክቶበር 1942 ሳንታ ክሩዝ ላይ ጃፓን "አሸነፈች"፣ ሆርኔትን አሰጠመች፣ ግን 148 በራሪ ሰው አጣች፣ አራት ካሪየር ካጣችበት ከሚድዌይ ይበልጣል፣ እዛ የሞቱት 110 ናቸው። ጌሙ ላይ ግን አውሮፕላን ከፋብሪካ ሲወጣ ፓይለቱ አብሮ የሚወጣ ነው የሚመስለው። የፓይለት ልምድ የሚቆጥር ጌም ካገኛችሁ እሱን ተጫወቱ፣ እዛ ላይ ማሸነፍና መክሰር አንድ ላይ ሲመጡ ታያላችሁ።

ራዳሩም አለ፣ አሜሪካኖቹ ጥቃቱ ሲመጣ ከሩቅ አይተው ፋይተሮቹን ከፍ ብለው እንዲጠብቁ ያደርጓቸው ነበር። በዚያ ላይ አውሮፕላን አጠገብ ሲደርስ ራሱ የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ከጃንዋሪ 1943 ጀምሮ ነበራቸው። ጸረ አውሮፕላን ስታት ለምን በመሀል ይዘላል ብላችሁ ለጠየቃችሁትም መልሱ ይሄው ነው።

ጥያቄ፦ የራሴ አውሮፕላን የራሴን መርከብ መታብኝ። ይሄስ?

መልስ፦ ሜይ 26 ቀን 1941፣ ከእንግሊዟ ካሪየር ከአርክ ሮያል የተነሱት ሶርድፊሾች የጀርመኗን ባትልሺፕ ቢስማርክን ሊመቱ ሄደው የራሳቸውን ክሩዘር ሼፊልድን አጠቁ። ደግነቱ የቶርፒዶዎቹ ማፈንጃ ችግር ነበረበት፣ ተረፈች። ሲመለሱ ማፈንጃውን ቀይረው ሄደው ነው የቢስማርክን መሪ የሰበሩት። እንዲያውም ስህተቱ ጠቀማቸው።

ጥያቄ፦ የአውሮፕላን ርቀት 400 ይላል፣ ጠላት 380 ላይ ነው፣ ማታ ሊሆን ነው። ልላክ? (በነገራችን ላይ ሴት ነኝ፣ ሁሌ "ብሮ" አትበሉኝ)

መልስ፦ ይቅርታ እህቴ። ላኪ፣ ግን ስንቱ እንደሚመለስ አስቢበት። ጁን 20 ቀን 1944 የአሜሪካ ካሪየሮችን አዛዥ ሚቸርን ያጋጠመው ልክ ይሄ ነው፣ ጠላት የተገኘው ወደ ማታ፣ ርቀቱ ጫፍ ላይ፣ ከ200 በላይ አውሮፕላን ላከ። ሂዮ የምትባል የጃፓን ካሪየር አሰጠሙ፣ በውጊያው 20 ገደማ አጡ፣ መመለሻው ግን በጨለማ ነው፣ ነዳጅ የለም፣ አብዛኛው ፓይለት ማታ ማረፍ አልሰለጠነም። ሚቸር ሰርጓጅ መርከብ ሊያየው እንደሚችል እያወቀ መብራት አብሩ አለ፣ እንደዛም ሆኖ 80 ያህል አውሮፕላን ባህር ላይ ወደቀ ወይ ሲያርፍ ተሰባበረ። ከውሃ ያወጧቸው ሰዎች ብዛት ነው ቀኑን ያዳነው። ጌምሽ የነፍስ አድን ዲስትሮየር ካለው ቀድመሽ አቁሚያቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኢትዮጵያን ይዤ ካሪየር መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ ሲጀመር 1936 ላይ ወደብ የለህም፣ መጀመሪያ ጣሊያንን አስወጣ፣ ከዛ ምጽዋ ላይ እንገናኛለን። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ የኛ ባህር ኃይል ዋና መርከብ የነበረችው "ኢትዮጵያ" የምትባለው ከካሪየር ዘመን የመጣች ነበረች። አሜሪካ 1962 ላይ ሳትሰጠን በፊት ስሟ ኦርካ ነበር፣ በዚያ ጦርነት ፓሲፊክ ላይ ያገለገለች፣ ሥራዋ ውሃ ላይ የሚያርፉ ቃኚ አውሮፕላኖችን ነዳጅ መሙላትና መጠገን ነው። ሚድዌይ ላይ ጃፓኖቹን መጀመሪያ ያዩዋቸው ካታሊና የሚባሉት የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች ናቸው። እና ካሪየር ባይሆን ስካውት በኩል እጃችን አለበት ማለት ይቻላል፣ ጌሞቹ በጣም የሚንቁት በዚያ በኩል።

ጥያቄ፦ ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ ፋይል) ሳንጭን እንዴት የበለጠ እውነተኛ እናድርገው? ሴቭ ሪሎድ ማድረግስ (ስትሸነፍ ወደ ቀድሞው ሴቭ መመለስ) ነውር ነው?

መልስ፦ ሦስት ሰው ሁኑ። ሁለታችሁ ተጫወቱ፣ ሦስተኛው ዳኛ ሆኖ ስክሪኑን ብቻውን ይይ፣ እናንተ ወረቀት ካርታ ያዙ። ስካውቱ ያየውን ዳኛው በቃል ይንገራችሁ፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ያሳስት፣ ቦቴውን ካሪየር ይበለው። አስነሳ ስትሉም ደክህ ስራ ላይ ነው ብሎ ያስጠብቃችሁ። ሞክረነዋል፣ ጭቅጭቁ ይበዛል ግን ከዛ በኋላ ተራው ጌም አያረካም።

ሪሎድ ላይ ደግሞ፣ ከሚድዌይ በፊት ጃፓኖቹ ራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ሲለማመዱ ዳይሱ የራሳቸውን ካሪየሮች አሰጠመባቸው፣ ዋና ዳኛው አድሚራል ኡጋኪ ነበር፣ ውጤቱን ቀንሶ የሰመጠችውን ካሪየር መለሳት። ስለዚህ ዳኛ ስትመርጡ የተሸናፊውን ጓደኛ አትምረጡ።